ጁሊ ምህረቱን በመዳቡ በኩል

በኖቬምበር 2023 የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ በአንድ ዜና ተጥለቀለቀ። የትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሠዓሊ የጁሊ ምህረቱ አንድ ሥዕል ኒውዮርክ ላይ በጨረታ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከወር በፊት ደግሞ ሌላ ሥዕሏ ሆንግ ኮንግ ላይ ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ነበር። አፍሪካ ውስጥ የተወለደ ሠዓሊ ሥራ በጨረታ ይህን ያህል አውጥቶ አያውቅም ተባለ። "ልጃችን!" የሚሉ መልእክቶች ከነባንዲራቸው ተደረደሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የሙዚየሞቹ መዝገብ በዚያ ስለሆነ ነው።)

ከዚያ አንድ ዘመዳችን የሥዕሉን ፎቶ ከፍቶ አየው መሰለኝ። "እና ይሄ ምንድነው?" ብሎ ጻፈ።

ማንም አልመለሰለትም። ዋጋውን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ሥዕሉን ቁጭ ብሎ ያየ ግን አልነበረም። ይሄ ጽሑፍ ለእሱ የዘገየ መልስ ይሁንልኝ። እግረ መንገዴን አንድ የማምንበትን ነገር ልከራከር ነው። የጁሊን ሥራ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከግዙፎቹ ሸራዎች ይልቅ ከህትመቶቿ ቢጀምር ይሻለዋል እላለሁ። ዜና ከማይሠራላቸው፣ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው ወረቀት ላይ ከሚታተሙት።

መጀመሪያ ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ። ታዋቂ ያደረጓት የ2000ዎቹ ሥዕሎች ከሩቅ ሲታዩ ጭስ ይመስላሉ። ቀረብ ስትሉ በማስመሪያ የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ታገኛላችሁ። ዓምድ፣ መስኮት፣ ደረጃ፣ ቅስት። የሕንጻ ፕላን ነው። ደግሞም የአንድ ሕንጻ አይደለም፤ የአንዱ ጣሪያ በሌላው መሬት ላይ አርፏል። ከዚያ በላይ በእጅ የተጣሉ የቀለም ጭረቶች አሉ፤ አጭር፣ ረጅም፣ ጥምዝ፣ ነጠብጣብ። ሺህ ናቸው ቢባል ያንሳል። በመሃላቸው ደግሞ ደማቅ ቀለም ያላቸው ሦስት ማዕዘኖች፣ ክቦች፣ ቅስቶች ይበራሉ። ባጭሩ ሁለት ዓይነት መስመር አለ። አንዱ የማስመሪያ፣ ሌላው የእጅ። የሥዕሉ ጉዳይ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ የሚሆነው ነገር ነው።

እኔ በሙያዬ ድራፍትስማን፣ የሕንጻ ፕላን ሣይ ነበርኩ። አዲስ አበባ፣ ኮምፒውተር ቢሮአችን ከመግባቱ በፊት። ቀኑን ሙሉ ትሬሲንግ ፔፐር ላይ (ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ስስ ወረቀት ነው) በሮትሪንግ፣ በቀለም ብዕር፣ መስመር መሳብ ነው ሥራው። ስህተት ሲፈጠር በምላጭ ቀስ ተብሎ ይፋቃል። የተፋቀው ቦታ ደግሞ በጥፍር ይታሻል፣ አዲሱ ቀለም እንዳይሰራጭበት። አለቃችን ፕላን ሲያይ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ የማን እጅ እንደሳለው እንዳይታወቅ። መስመር ከተንቀጠቀጠ፣ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ከቀጠነ፣ ወረቀቱ ላይ ሰው እንዳለ ያሳብቃል። እንደዚያ ከሆነ "ድገመው" ነው።

ስለዚህ የጁሊን ሥዕል ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፕላኑ ነው። ንጹሕ ሥራ ነው፣ አለቃችን ይወደው ነበር። ከዚያ በላዩ ላይ የተደረገውን ሳይ ግን ዛሬም ደንገጥ እላለሁ። አንድ ሰው ያን ሁሉ የጠራ መስመር አስምሮ ሲያበቃ በብሩሽ ይሄድበታል። እኛ ቢሮ ውስጥ ከሥራ የሚያስባርር ነገር እዚህ ዋናው ሥራ ሆኗል።

ጁሊ በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ የጂኦግራፊ መምህር፤ እናቷ አሜሪካዊት፣ የሕጻናት አስተማሪ። በ1977 ቤተሰቡ አገር ጥሎ ወጣና ሚቺጋን፣ ኢስት ላንሲንግ ገባ። ካላማዙ ኮሌጅ ተማረች፣ በመሃል ሴኔጋል ዳካር ሄዳ አጠናች። በ1997 ከሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት በማስተርስ ተመረቀች። ከሂዩስተን ቆይታዋ በኋላ በ1999 ኒውዮርክ ገባች። በ2005 አሜሪካ ውስጥ ለፈጠራ ሰዎች የሚሰጠውን የማክአርተርን ሽልማት አገኘች። ይሄ ይበቃል።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይመዛል። አባቷ የጂኦግራፊ ሰው ስለሆኑ ካርታው ከእሳቸው ነው ይላል። በቀይ ሽብር ዘመን ስለወጣች ደግሞ የተበታተነው ጭረት ስደት ነው ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን እንዲህ ዓይነቱ ንባብ በጣም ይቀላል። ስደተኛ ሁሉ እንዲህ ቢስል ኖሮ ዋሽንግተንና አካባቢው በሙሉ ጋለሪ ይሆን ነበር። እሷም ብትሆን ሥራዋ ውስጥ ከአዲስ አበባ ይልቅ ካይሮ፣ ደማስቆ፣ በርሊን፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ፈርጉሰን (ፖሊስ ጥቁር ወጣት ገድሎ ተቃውሞ የተነሳባት የአሜሪካ ከተማ) በዝተው ይገኛሉ። ጥያቄዋ ከአንድ ቤተሰብ ታሪክ ይሰፋል።

ጥያቄው ለእኔ እንዲህ ነው የሚገባኝ። ፕላን የሚያወጣው ማነው? መንግሥት፣ ባንክ፣ ቅኝ ገዢ፣ ገንዘብ ያለው። አደባባዩ ይህን ያህል ይስፋ፣ ሕዝቡ በዚህ ይግባ በዚያ ይውጣ ብሎ በማስመሪያ ይወስናል። ከዚያ ሰው ይመጣል። ሰው ደግሞ በተሰመረለት አይሄድም። ይቆማል፣ ይሮጣል፣ ይሰለፋል፣ ይጨፍራል፣ ድንጋይ ያነሳል። ጁሊ ገና በጀማሪነቷ ትናንሾቹን የቀለም ጭረቶች እንደ ሰው ታያቸው ነበር፤ የየራሳቸው ጠባይ ያላቸው፣ የሚሰበሰቡ፣ የሚጣሉ፣ ከተማ የሚቆረቁሩ። ከዚያ በኋላ ነው ሕንጻው ከሥር የመጣላቸው።

አሠራሩም ሐሳቡን ይመስላል። ሸራው በመሠረት ቀለም ተደጋግሞ ይቀባና በብርጭቆ ወረቀት እየታሸ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። የሕንጻ ሥዕሎች በፕሮጀክተር ይጣሉበትና በቀለም ይገለበጣሉ። ይህን ረዳቶቿ ይሠሩታል። ቀጥሎ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ ይነፋበታል፤ ይደርቃል፤ እንደገና ይታሻል። በዚያ ላይ እሷ በእጇ ትስላለች። ሌላ አክሪሊክ፣ ሌላ ፕላን፣ ሌላ ጭረት። እንግዲህ ትሬሲንግ ፔፐር ላይ የሠራ ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል። እኛም መሬት ቤቱን ከሥር፣ አንደኛ ፎቁን ከላይ አድርገን ዓምዱ ከዓምዱ መግጠሙን እናይ ነበር። የእሷ ልዩነት እንዳይገጥም መፈለጓ ነው።

ከትልልቆቹ ሥዕሎች ሁለቱን ብቻ ላንሳ። አንደኛው በ2004 የተሠራውና ፒትስበርግ በሚገኘው በካርኔጊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለው "ስቴዲያ 2" ነው። ስታዲየም ነው። ክቡ መቀመጫ ይታያል፣ ባንዲራ የሚመስሉ ባለቀለም ቁርጥራጮች በአየር ላይ ይበራሉ፣ ግን የየትኛው አገር ባንዲራ እንደሆኑ አይለይም። ከሥር ጥቁር ጭረት ይርመሰመሳል። የኢራቅ ጦርነት በቴሌቪዥን እንደ ጨዋታ የሚታይበት ጊዜ ነበር። ተመልካቹ ኳስ ይይ ጦርነት ይይ አታውቁም። ከቀድሞ ሥራዎቿ ለእኔ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ሁለተኛው በ2012 የሠራችውና በዚያው ዓመት ጀርመን ካስል በዶኩሜንታ፣ በታላቁ የዘመናዊ ጥበብ ኤግዚቢሽን፣ የቀረበው "ሞጋማ" ነው። አራት ሸራዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 4.5 ሜትር ከፍታ አላቸው። ስሙን የወሰደችው ካይሮ ታህሪር አደባባይ ዳር ከቆመው ግዙፍ የመንግሥት ቢሮ ነው። ያኔ ግብጻዊ ሁሉ ለፓስፖርት፣ ለፈቃድ፣ ለማኅተም ይመላለስበት የነበረ፤ "ነገ ተመለስ" ይባልበት የነበረ ቤት። (እኛ ማብራሪያ አያስፈልገንም።) በ2011 ሕዝቡ አደባባዩን ሲሞላው ያ ሕንጻ ከጀርባ ቆሞ ያይ ነበር። ጁሊ የታህሪርን ዙሪያ ከሌሎች የዓለም አደባባዮች ጋር ደራረበችው። ከእነዚህ አንዱ መስቀል አደባባይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መስቀል አደባባይ ስሙ ስንት ጊዜ ተቀያየረ? ደመራ የሚለኮስበት ነው። በደርግ ጊዜ አብዮት አደባባይ ተብሎ ታንክና ሰልፍ አለፈበት። መንግሥቱ ኃይለማርያም ደም የተሞላ የሚመስለውን ጠርሙስ የሰበሩት በ1977 እዚያ ነው፤ የጁሊ ቤተሰብ በወጣበት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ ተመልሶ መስቀል አደባባይ ሆነ፤ ሯጮች ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ይሮጡበታል። ፕላኑ ብዙም ሳይቀየር ሰው ያደረገበት ነገር ይህን ያህል ተለያየ። ሸራው ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። በካይሮው፣ በኒውዮርኩ መስመር ውስጥ ጠፍቷል። "የኛን አደባባይ ሳለችልን" ብሎ መኩራራት ስለማይቻል ደስ ይለኛል።

ለትልቁ የአሜሪካ ባንክ ለጎልድማን ሳክስ ስለሠራችው ሥዕል ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ሰው ይታዘበኛል። በ2009 የተጠናቀቀ፣ 24 ሜትር የሚረዝም፣ ታችኛው ማንሃተን የባንኩ መግቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለ። ሥዕሉ እየተሠራ ሳለ ነው የገንዘብ ቀውሱ የመጣውና ባንኩ ከመንግሥት ድጎማ የተቀበለው። የንግድ መስመሮች ካርታ፣ የጥጥ ገበያ ሕንጻ፣ የአክሲዮን ገበያ ፊት ሁሉ ከሥር አለበት። ባንክን በባንክ ግድግዳ ላይ መጠየቅ ይቻላል? እኔ እዚህ ላይ እጠራጠራለሁ። ሥዕሉ ያምራል፤ ከመንገድ በመስታወቱ በኩል ይታያል። ግን ጭረቶቹ እዚያ ግድግዳ ላይ ትንሽ ጨዋ የሆኑ ይመስለኛል። ባለቀለም ቅርጾቹ አሸንፈዋቸዋል።

አሁን ወደ መዳቡ።

ትልቅ ሸራ ፊት ስትቆሙ የምትሸነፉት በመጠኑ ነው። ቅርብ ሆናችሁ ሁሉን ማየት አትችሉም፤ ራቅ ስትሉ ጭረቱ ይጠፋል። የትኛው ንብርብር ቀደመ፣ የትኛው ተከተለ፣ መለየት ይከብዳል። ህትመት ላይ ግን እንዲህ ማምለጥ የለም። እያንዳንዱ ቀለም፣ እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ ሰሌዳ ይፈልጋል። ሠዓሊዋ "ይሄ መስመር የየትኛው ሰሌዳ ነው?" የሚለውን ቀድማ መወሰን አለባት። ሐሳቧን ፈታትታ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ማኖር አለባት። ለዚህ ነው ህትመቶቿ ውስጥ አእምሮዋ ይበልጥ ይታያል የምለው።

ምሳሌ ልስጥ። በ2003 ሚኒያፖሊስ በሚገኘው ዎከር የሥነ ጥበብ ማዕከል በእንግድነት ስትሠራ ከከተማው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ወጣቶች ጋር ሠርታ ነበር። ልጆቹ ካሜራና መቅጃ ይዘው የሚኖሩባትን ከተማ በራሳቸው ዓይን መዘገቡ። ሚኒሶታ ውስጥ ስንት ሶማሌ፣ ኦሮሞ፣ አማራ ወጣት እንዳለ ለምታውቁ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለ እሷ በተጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ግን ብዙ አይነሳም። እዚያው ከተማ ሃይፖይንት ከሚባለው የህትመት ማዕከል ጋር በ2004 "ኤንትሮፒያ" የሚል ሥራ አወጣች። ሊቶግራፊና (ቅባትና ውሃ አለመዋሃዳቸውን ተጠቅሞ የሚታተም) ስክሪን ፕሪንት (ቀለም በስስ ጨርቅ በኩል እየተገፋ የሚታተም) ነው፤ 32 ቀለም አለበት። 32 ጊዜ ማለት ነው ያው ወረቀት ቀለም የሚቀበለው፤ አንዱ በፀጉር ስፋት ቢዛነፍ ወረቀቱ ይጣላል። ስክሪን ፕሪንት አዲስ አበባ ቲሸርት ላይ ሲሠራ ያየ ሰው በ3 ቀለም እንኳ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቃል።

"ኤንትሮፒያ" ላይ ነፋስ የገባበት ከተማ ይታያል። ልብ በሉ፣ እዚያ ነፋስ የሚመስለው ነገር ሁሉ በጥንቃቄ የተገጠመ ነው። በእጅ በአንድ ትንፋሽ የተጣለ የሚመስል ጭረት ከፊቱና ከኋላው ካሉት ቀለሞች ጋር በልኬት ተገጣጥሟል። እጁ ነጻ ነው፤ ማተሚያው ግን ነጻነቱን በልኬት ይዞታል። የማስመሪያና የእጅ ጠብ ከሥዕሉ ወጥቶ ወደ አሠራሩ ገባ ማለት ነው።

ከመዳብ ሥራው ደግሞ የሚያስደንቀኝ የስኳሩ ዘዴ ነው። ስኳር ነው ያልኩት፣ አልተሳሳታችሁም። ስኳር ከጥቁር ቀለም ጋር በውሃ ይበጠበጣል። ሠዓሊዋ በብሩሽ ነክራ መዳቡ ላይ ትስላለች፣ ወረቀት ላይ እንደምትስለው። ሲደርቅ ሰሌዳው በሙሉ አሲድ በማያስገባ ስስ ቫርኒሽ ይሸፈናል። ከዚያ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይገባል። ስኳሩ ይሟሟና ከበላዩ ያለውን ቫርኒሽ ይዞት ይነሳል። ብሩሹ የሄደበት ቦታ ብቻ ራቁቱን ይቀራል። እዚያ ላይ የሙጫ ዱቄት ተነስንሶ በሙቀት ይጣበቃል፤ ይሄ አኳቲንት ይባላል። አሲድ ሲገባ በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል መዳቡን ይበላዋል። ቀለም የሚይዘው የተበላው ነው። ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ ይጠረግና እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያው ጥቅልሎች መካከል ተጨቁኖ ያልፋል።

ሌላ ዘዴም አላት፤ አሲዱን ራሱን በብሩሽ እየነከሩ አኳቲንቱ ላይ መሳል። እዚህ ብሩሹ እየበላ ነው የሚሄደው። ቶሎ ካነሱት ስስ ግራጫ፣ ከቆዩ ጥቁር። ጊዜው ራሱ ቀለም ይሆናል። በ2010 ሎስ አንጀለስ ጄሚኒ በተባለው ማተሚያ ቤት የሠራችው "ኦገሪስ" ባለ 12 ወረቀት ትልቅ አኳቲንት ነው፤ እነዚያ ግራጫዎች ጎርፍ ሆነው ይታዩበታል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሰው ሲጽፍበት ብዙ አላየሁም። መዳብ ላይ በቀጥታ የተሳለ ነገር ሲታተም ይገለበጣል። ግራው ቀኝ ይሆናል። የማስመሪያ መስመር በዚህ ምንም አይጎዳም። ክብ ቢገለበጥ ክብ ነው፤ ዓምድም ዓምድ ነው። የእጅ ጭረት ግን ሌላ ነው። ቀኝ እጅ ከግራ ወደ ቀኝ የጣለው ጭረት፣ መነሻው ወፍራም፣ መጨረሻው ቀጭን፣ ሲገለበጥ ከቀኝ ወደ ግራ የሮጠ ይመስላል። አካሄዱ የሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ህትመት ውስጥ ጂኦሜትሪው ያው ሆኖ ይቀራል፣ እጁ ግን ለባለቤቱ እንግዳ ሆኖ ይመለሳል። የእጅ ምት "የሠዓሊው ነፍስ" ነው የሚለውን የቆየ ወሬ ይሄ ትንሽ ጸጥ ያሰኘዋል። ጁሊ ይህን እያወቀች ነው የምትሠራበት ብዬ አስባለሁ።

ሁሉም ነገር አንድ ላይ የመጣው "ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ" ላይ ነው። በ2016 ኮፐንሀገን በሚገኘው በኒልስ ቦርክ የንሰን ማተሚያ ቤት የተሠራ ነው። ስድስት ረጃጅም ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ከፍታው ወደ 2.5 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ5 ሜትር ተኩል በላይ። ከሥር የደማስቆ ሕንጻዎች መስመር አለ፣ ከደበዘዘ ፎቶግራፍ ጋር ተደርቦ በብርሃን ወደ መዳብ የተላለፈ። ከላይ በስኳርና በአሲድ የተሠሩ የብሩሽ ጭረቶች ታትመውበታል። ያኔ የሶሪያ ጦርነት አምስተኛ ዓመቱን አልፎ ነበር።

ሕንጻዎቹን ለመለየት ትሞክራላችሁ። መስኮት ይመስላችኋል፤ ጭረቱ ይመጣና ይሸፍነዋል። ሌላ ጥግ ላይ ደግሞ በረንዳ ብቅ ይላል። ቀድሞ ሕንጻው ጥርት ብሎ እጁ ነበር በላዩ የሚርመሰመሰው። እዚህ ሕንጻው ራሱ እየሟሟ ነው። ጭረቱም ሕዝብ ነው ማለት አስቸጋሪ ሆኗል። ፍንዳታ ሊሆን ይችላል። ሸሽቶ የሚሄድ ሰውም ሊሆን ይችላል። ማስመሪያ የገዢ ነው፣ እጅ የሕዝብ ነው ብዬ ቅድም ያስቀመጥኩት ደማስቆ ላይ አይሠራም። ከተማን ያፈረሰውም እጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፕላኑ ከሥራዋ እየወጣ ሄደ። ቦታውን የያዘው ፎቶግራፍ ነው፤ የተቃውሞ፣ የእሳት፣ የስደተኛ ካምፕ የዜና ፎቶ በኮምፒውተር እስኪጠፋ ድረስ ይደበዝዝና ከሥር ይቀባል። በ2016 "ፈርጉሰን" የሚል ቃል በርዕሱ የያዘውን ሥዕል ሠራች። በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሁለት ግዙፍ ሸራዎች ጨረሰች፤ ሃርለም ውስጥ አገልግሎት ያቆመ ቤተ ክርስቲያን ነበር ስቱዲዮዋ፣ ሌላ ቦታ አይበቃቸውም ነበር። በ2018 "ስድስቱ ባርዶዎች" የሚባሉ ባለብዙ ቀለም አኳቲንቶች ከጄሚኒ ጋር ወጡ። ባርዶ በቲቤት ቡድሂዝም በሞትና ዳግም በመወለድ መካከል ያለ ሁኔታ ነው። ቀለሞቹ ደማቅ ናቸው፤ ጭረቶቹ ለመጻፍ የተነሱ ይመስላሉ። ግን ፊደል አይሆኑም።

ስለ አዲሱ ሥራ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እንከራከራለን። እሱ "ከሥር ያለው ፎቶ የማይታይ ከሆነ ምን ይሠራል? ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ካላነበብኩ ፈርጉሰን ይሁን ፋሲካ በምን አውቃለሁ?" ይላል። ደካማ ጥያቄ አይደለም። ለአንዳንዶቹ ሥዕሎች መልስ የለኝም። ጽሑፉ ከሥዕሉ የበለጠ የሚናገርባቸው አሉ። ግን ጥሩዎቹ ላይ የደበዘዘው ፎቶ ቀለሙን ያዛል። ብርቱካናማው ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ሙቀቱ ይሰማችኋል። ጭረቱም የሚነሳው ከዚያ ነው። በ2024 የቢኤምደብሊው የውድድር መኪና ላይ ያደረገችውን ግን አልከላከልላትም። መኪናው ቀድሞውኑ ለፍጥነት የተሳለ ጂኦሜትሪ ነው። ጭረቱ የሚጣላው ነገር አላገኘም።

አገር ቤትስ? በ2016 ሥራዎቿ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ቀርበው ነበር። ቦታው ከዚያ የተሻለ ሊሆን አይችልም ነበር። ገብረ ክርስቶስ በ1932 ሐረር ተወለደ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ኮሎኝ ተማረ፣ ተመልሶ አዲስ አበባ አስተማረ። አብስትራክት ሥዕል፣ ነገሮችን በሚታወቅ መልካቸው የማያሳይ፣ ይዞ ሲመጣ "ይሄ የፈረንጅ ነው" ያሉት ብዙ ነበሩ። እሱም በዚያው በደርግ ዘመን ወጣ። በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ሥዕሎቹ በመጨረሻ ለስሙ ወደተሰየመው ቤት ተመለሱ።

"ይሄ የኛ አይደለም" የተባለ ሠዓሊ ቤት ውስጥ "ልጃችን" የተባለች ሠዓሊ ሥራዋን ሰቀለች። ሁለቱንም ያልነው እኛው ነን። የገብረ ክርስቶስን ክቦችና ቀይ ቀለም አይቶ ወደ ጁሊ የሚሄድ ሰው ብዙ አይደናገርም። "አብስትራክት ለኛ እንግዳ ነው" የሚለውን ክርክር ከ60 ዓመት በፊት ጀምረነው ነበር፤ እንደ አዲስ ልንጀምረው አይገባም።

ለዘመዳችን አሁን ልመልስ። "ይሄ ምንድነው?" ላልከው፦ ፕላን ነው፣ ሰው የገባበት። ፎቶውን በስልክህ እያሰፋህ አትልፋ፣ አይሆንም። ዋሽንግተን እስካለህ ድረስ ናሽናል ጋለሪ በሚባለው ሙዚየም ውስጥ የህትመት ማያ ክፍል አለ። የጄሚኒም፣ ሌላው የሠራችበት ክራውን ፖይንት የተባለው ማተሚያ ቤትም ማኅደር በዚያ ሙዚየም አለ። ክፍያ የለውም፤ ግን ቀጠሮ ያስፈልጋል። ሄደህ የእሷን ህትመቶች እንዲያወጡልህ ጠይቅ፤ ያላቸውን ጠረጴዛ ላይ ያቀርቡልሃል። መካከል ላይ የቆመ መስታወት አይኖርም። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሰሌዳው የተጫነበትን ስርጉድ ፈልግ። ልጅህን ይዘህ ኒውዮርክ ከወጣህ ደግሞ ዊትኒ ሙዚየም ከ25 ዓመት በታች ላለ ሰው አሁን በነጻ ነው። ለዚያ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰጠችው ጁሊ ናት። ግሩፑ ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ካስፈለገ ይሄኛውን ለጥፉት።